ከኋላችን ሰው አለ

ይህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ለጎልፍ ጀማሪ ጓደኞቼ ያደረግኩት ንግግር ነው። ስናገር የዘለልኩትን ጨምሬበታለሁ፣ የደጋገምኩትንም ቀንሻለሁ።

እንዴት አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ ቤት እንኳ ሳትገቡ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከአዘዞ በባጃጅ የመጣችሁም አላችሁ። ቡናው እየፈላ ነው፤ እየጠጣችሁ አዳምጡኝ።

ጉዳዩን ታውቁታላችሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስምንታችን አዲስ አበባ ሄደን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ የጎልፍ ሜዳ ላይ ለመጫወት አስበናል። እስካሁን የተለማመድነው ከአዘዞ ወጣ ብሎ፣ እህል ከታጨደ በኋላ ባዶ የሚቀረው መሬት ላይ ነው። ያሉን ሁለት ቦርሳ ያገለገሉ ዱላዎችና አንድ ባልዲ ኳስ ናቸው። ጥሩ ተለማምደናል፤ አንዳንዶቻችሁ ኳሱን ቀጥ አድርጋችሁ መምታት ጀምራችኋል። ግን እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ክፉ ልማድም ይዘናል። አንዱ አምስቴ ሞክሮ አምስቴ ቢስት፣ ሌላው ኳሱን ሩብ ሰዓት ቢፈልግ፣ አንዳችን መሃል ላይ ስልክ አንስተን ከዘመድ ጋር ብናወራ ምንም የሚሆን ነገር የለም። ከኋላችን የሚጠብቅ የለማ።

እውነተኛው ሜዳ ላይ ከኋላችን ሰው አለ። ከእሱም ኋላ ሌላ ሰው አለ። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ከቲ ታይም ልጀምር። ቲ የመጀመሪያው ምት የሚመታበት ቦታ ነው፤ ኳሷ የምትቀመጥባት ትንሿ ማስደገፊያም ቲ ትባላለች። ቲ ታይም ደግሞ ቡድናችሁ የመጀመሪያውን ኳስ የሚመታበት ደቂቃ ነው። ሜዳው በር ላይ የምትደርሱበት ሰዓት አይደለም፣ ጫማ የምትቀይሩበትም አይደለም። ኳሷ የምትመታበት ደቂቃ ነው። ሠርግ ላይ 6 ሰዓት ተብለን 7 ተኩል ብንደርስ ምሳው ይጠብቀናል፣ ቦታም ይፈለግልናል። እዚህ ግን 10 ደቂቃ ካረፈድን ያ ደቂቃ የሌላ ሰው ሆኗል።

ብዙ ሜዳዎች በየ8 ወይም በየ10 ደቂቃው አንድ ቡድን ያስነሳሉ። አንድ ቡድን ብዙውን ጊዜ እስከ 4 ሰው ነው። በየ10 ደቂቃው ካልን በሰዓት 6 ቡድን፣ 24 ሰው ይነሳል ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ አንዱ ከሌላው ኋላ በአንድ መስመር ነው የሚሄዱት፤ ከ1ኛው ቀዳዳ፣ ማለትም ኳሷ መግባት ካለባት የመጀመሪያዋ ጉድጓድ፣ ወደ 2ኛው፣ ከ2ኛው ወደ 3ኛው፣ እስከ 18። ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ሲበላሽ ከኋላው የሚሆነውን አይታችኋል። መንገዱ ቢከፈት እንኳ የጠፋው ጊዜ አይመለስም፤ ሰልፉ እስከ ማታ እየተጎተተ ይሄዳል። የጎልፍ ሜዳም እንደዚያው ነው።

አንድ ስሌት ልስጣችሁ፤ እኔን ራሴን የቀየረኝ ይኼ ነው። ጀማሪ ሰው 18 ቀዳዳ ሲጫወት 100 ምት ማለፉ የተለመደ ነው። 100 ብለን እንያዝ። አራት ሰው 400 ምት ይመታል። እያንዳንዳችን በእያንዳንዱ ምት ላይ 20 ሰከንድ ብቻ ብናባክን፣ ማለትም ዱላ ለመምረጥ ብናመነታ፣ አንድ ጊዜ ትርፍ ብናወዛውዝ፣ ቆመን ብናስብ፣ 8,000 ሰከንድ ይሆናል። ከ2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ በላይ ማለት ነው። አራት ሰው በእግሩ እየሄደ በ4 ሰዓት ገደማ የሚጨርሰው ጨዋታ ከ6 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማናችንም ብንጠየቅ ግን አጥፍተናል አንልም፤ 20 ሰከንድ ማን ይቆጥራል?

አሁን ወደ ቀጠሮው አያያዝ እንሂድ።

አዲስ አበባ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ያለውን የጎልፍ ክለብ ስሙን የሰማችሁት ትኖራላችሁ። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ናይሮቢም ብትሄዱ፣ መጀመሪያ ስልክ ነው። ዝም ብሎ ሄዶ በር ላይ መቆም አያዋጣም። ስትደውሉ በመጀመሪያ የምትጠይቁት አባል ያልሆነ ሰው ትቀበላላችሁ ወይ ብላችሁ ነው። አንዳንድ ክለብ እንግዳ የሚቀበለው አባል ይዞት ሲመጣ ብቻ ነው። አንዳንዱ በተወሰኑ ቀናት ብቻ ይቀበላል። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ብዙ ቦታ የአባላትና የውድድር ሰዓት ስለሆነ እሱን ለጀማሪ አልመክርም። ሃንዲካፕ የሚጠይቅ ሜዳም አለ። ሃንዲካፕ የተጫዋቹ የችሎታ ቁጥር ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ተጫዋቹ ገና ነው ማለት ነው፣ ጣሪያው 54 ነው። የላችሁም። እንደሌላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ጀማሪዎች ነን፣ ስምንት ነን፣ ሁለት ተከታታይ ሰዓት እንፈልጋለን፣ ሰው የማይበዛበት ሰዓት የትኛው ነው በሉ። ይህን ያለ ሰው ስልክ ላይ ያለውን ሠራተኛ በጣም ያግዘዋል፤ ከሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ካሉት ክፍት ሰዓቶች የሚስማማችሁን ይፈልግላችኋል።

ከዚያ ኪራይ ዱላ አለ ወይ፣ ካዲ (ቦርሳ ተሸክሞ ሜዳውን የሚያሳይ ረዳት) ግዴታ ነው ወይ፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ልብስ ምን ይፈቀዳል፣ ብንቀር እስከ መቼ እናሳውቅ ብላችሁ ጠይቁ። እና እባካችሁ 18 ቀዳዳ አትያዙ። 9 ያዙ። 9 ቀዳዳ ተጫውታችሁ ሌላም አምሯችሁ ብትወጡ ይሻላል፤ በ14ኛው ላይ ደክሟችሁ ኳስ የሚመታ ክንድ አጥታችሁ ከኋላ ያለውን ሰው ከምታሰቃዩ።

ስለ ሰዓት አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ናይሮቢ በሄድኩ በሁለተኛው ወር ነው። አንድ ሜዳ ላይ በኢንተርኔት ቦታ ያዝኩ። 8:10 ይላል። እኔ አእምሮዬ ውስጥ ያለው የሀገሬ ሰዓት ነውና 8 ሰዓት ከ10 ብዬ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ቀደም ብዬ በ7 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ሰዓቱ ለካ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10 ኖሯል። ከማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር ነበር የደለደሉኝ። እነሱ በሰዓታቸው መጥተዋል፣ ጠብቀውኛል፣ አስነሺው፣ ማለትም ቡድኖቹን በተራ የሚያስነሳው ሠራተኛ፣ ከዚህ በላይ አልችልም ሲላቸው ሄደዋል። ጨዋታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ከሦስቱ አንዱ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ወረቀት ትቶልኛል። የምት መመዝገቢያ ካርድ ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነው። ደህና መሆኔን የሚጠይቅ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሰውየው መንገድ ላይ አደጋ ደርሶብኝ ይሆናል ብሎ ተጨንቋል። ገንዘቡ መቅረቱን ያን ጊዜም አላሰብኩትም። ያቺን ወረቀት ግን እስከ ዛሬ አስቀምጫታለሁ።

ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ጠዋት ወይስ ከሰዓት ብላችሁ ጠይቁ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ጮክ ብላችሁ መልሱላቸው። ቀኑንም እንዲሁ። እኛ በየካቲት ስናስብ እነሱ በፌብሩዋሪ ያስባሉ፣ ቁጥሩም አንድ አይደለም። በነገራችን ላይ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም በቋንቋቸው ሲያወሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው። ጽሑፍ ላይ ሲሆን ግን የፈረንጁን ነው የሚጠቀሙት። እኔን ያሳሳተኝ ጽሑፉ ነው።

ተራ መያዝ ለትልልቆቹ ሜዳዎችም ቀላል አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ ሴንት አንድሩስ የሚባል ከተማ አለ። አሮጌው ሜዳ የሚባለው እዚያ ነው። 18 ቀዳዳ የሚለው ቁጥር ራሱ የወጣው ከዚያ ሜዳ ነው፤ መጀመሪያ 22 ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1764 ነው ወደ 18 የወረደው። እዚያ ለመጫወት ከመጫወቻው ቀን 2 ቀን ቀድሞ ዕጣ ውስጥ መግባት የሚቻልበት አሠራር አለ። በዚህ አሠራር የገባ ሰው፣ ሀብታም ቢሆን ድሃ፣ ዕጣው ካልወጣለት ተራ አያገኝም። እሑድ እሑድ ደግሞ በመደበኛው ጊዜ ጨዋታ የለም። ሜዳው ለከተማው ሰው ይለቀቃል፤ ሰው ከነቤተሰቡ ሣሩ ላይ ይንሸራሸርበታል። ይኼ ነገር በጣም ደስ ይለኛል። ጥምቀት አልፎ ፋሲለደስ መዋኛ ግቢ ጸጥ ሲል ገብቼ በዛፎቹ ሥር ስሄድ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ሰዓታችሁን ያዛችሁ እንበል። ከቲ ታይሙ 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ክፈሉ፣ ጫማ ቀይሩ፣ ትንሽ ኳስ ምቱ፣ ፓት፣ ማለትም ኳሷን ቀስ አድርጎ ወደ ቀዳዳው ማንከባለልን፣ ሞክሩ። ከዚያ 10 ደቂቃ ሲቀረው አስነሺው አጠገብ ሁኑ። በኦፊሴላዊው ሕግ እስከ 5 ደቂቃ ያረፈደ ተወዳዳሪ 2 ምት ይቀጣል፣ ከዚያ ያለፈ ከነአካቴው ይሰረዛል። እኛ ውድድር አይደለንም። ግን ሕጉ ይቺን ደቂቃ ምን ያህል እንደሚያከብራት እዩ።

አሁን ሜዳው ላይ ነን።

ከሁሉም በፊት ደኅንነት። የጎልፍ ኳስ ትንሽ ናት፣ ክብደቷ ቢበዛ 45.93 ግራም ነው። ሰው ግንባር ላይ ካረፈች ግን ታደማለች፣ ዓይን ታጠፋለች። የፊተኛው ቡድን ከምትደርሱበት ርቀት ሳይወጣ አትምቱ። እኔ እዚያ ድረስ አልመታም ብላችሁ አትመኑ፤ ጀማሪ አንዳንዴ በሕይወቱ መትቶት የማያውቀውን ምት ይመታል። ኳሷ ወደ ሰው ከሄደች ‹‹ፎር!›› ብላችሁ ባላችሁ ድምፅ ጩኹ። ማፈር የለም። አዲስ አበባ ሜዳ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ይበዛል ብላችሁ ‹‹ተጠንቀቅ›› ለማለት አታስቡ፤ ጎልፍ ተጫዋች ጆሮው የለመደው ፎርን ነው፣ ሲሰማ ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፍኖ ያጎነብሳል። እናንተም ስትሰሙ እንደዚያው አድርጉ፣ ከየት መጣ ብላችሁ ቀና አትበሉ።

ይህን በከፊል ታውቁታላችሁ። አዘዞ ሜዳ ላይ እረኛው ልጅ ከብቶቹን ይዞ ሲያቋርጥ ማንም ሳይነግራችሁ ሁላችሁም ዱላ ታወርዳላችሁ። ልጁ ራቅ እስኪል ትጠብቃላችሁ። ያንን ይዛችሁ ሂዱ።

ሰው ሊመታ ሲል ዝም በሉ፣ አትንቀሳቀሱ፣ ከኋላውና ከኳሷ መስመር ላይ አትቁሙ። ጥላችሁም እንዳያርፍበት ተመልከቱ፤ ጠዋትና ማታ ጥላ ይረዝማል። ስልክ ድምፁ ይጥፋ። ‹‹ሀሎ! ይሰማል?›› የሚለው ድምፃችን ሦስት ቀዳዳ ማዶ ይሰማል፣ የእውነቴን ነው።

ቀጥሎ የምለው ለእኛ ለጎንደሬዎች በተለይ ነው። ከሚታወቁት የጎልፍ የጽሑፍ ሕጎች ቀደምቶቹ ኤድንብራ አጠገብ ሊዝ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1744 የወጡት 13 ሕጎች ናቸው። ጎንደር ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። ከ13ቱ አንዱ ኳሱ ከቀዳዳው የራቀ ሰው መጀመሪያ ይምታ ይላል። ለረጅም ዘመን እንደዚያ ሲሠራበት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጉ በሰፊው ሲሻሻል ግን፣ ምት በሚቆጠርበት ጨዋታ ለማንም አደጋ እስካልሆነ ድረስ የተዘጋጀው ሰው ቀድሞ እንዲመታ ያበረታታል። ለምን? ጊዜ ለመቆጠብ።

እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ሁለት ሰው ቲ ላይ ስንቆም ‹‹ይቅደሙ››፣ ‹‹የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ››፣ ‹‹ኧረ በሞቴ›› እንባባላለን። በር ላይ ይህ ቆንጆ ነው። እጅ ሲታጠቡ ቆንጆ ነው። ያደግንበት ነው፣ እንድትተዉትም አልፈልግም። ጎልፍ ሜዳ ላይ ግን አንድ ‹‹ይቅደሙ›› 20 ሰከንድ ናት፤ ስሌቱን አስታውሱ። ፊት ለፊታችን ያለውን ሰው እናከብራለን ስንል ከኋላ ያለውን፣ ፊቱን ያላየነውን ሰው እናስጠብቃለን። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት እንስማማ፦ የተዘጋጀ ይመታል። ጋሼም ሆኑ ተማሪያቸው፣ የተዘጋጀ ይመታል። ‹‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ›› የምንለው ሕዝብ ነን። ገና ሜዳ ላይ ሎሌ ከጌታው ጋር ሩር ሲጋፋ ማንም ቅር አይለውም። ይቺንም እንደዚያ ውሰዷት።

ሌላው ሲመታ እናንተ ለራሳችሁ ምት ተዘጋጁ። ወደ ኳሳችሁ ሂዱ፣ ርቀቱን ገምቱ፣ ዱላ ምረጡ። ተራው ሲደርሳችሁ የቀራችሁ መምታት ብቻ ይሁን። ሕጉ አንድን ምት በ40 ሰከንድ ውስጥ ምቱ ብሎ ይመክራል፤ ከዚያም ባነሰ ይቻላል። የጠፋ ኳስ የሚፈለገው 3 ደቂቃ ብቻ ነው። ድሮ 5 ነበር፣ በዚያው በ2019 ነው ያጠረው። ኳሳችሁ ጫካ ገብታ የጠፋች ከመሰላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ‹‹ጊዜያዊ ኳስ ልመታ ነው›› ብላችሁ አሳውቃችሁ ሌላ ምቱ። አለዚያ ሄዳችሁ ፈልጋችሁ አጥታችሁ እንደገና ወደ ቲ ትመለሳላችሁ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ ቲው ላይ ቆመው ያዩዋችኋል።

ካልሆነላችሁ ኳሷን አንሱ። ፓር ማለት ጥሩ ተጫዋች ያንን ቀዳዳ የሚጨርስበት የምት ብዛት ነው። ለእኛ ጉዞ የማስቀምጠው ወሰን የፓሩ እጥፍ ነው፤ ፓር 4 ከሆነ 8ኛው ላይ ኳሷን ኪሳችሁ ክተቱና ከጓደኞቻችሁ ጋር ወደ ቀጣዩ ሂዱ። ሽንፈት አይደለም። ብዙ የቆዩ ተጫዋቾች ያደርጉታል። ከፊታችሁ ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ከኋላችሁ ሰዎች ቆመው ካያችሁ ደግሞ ዳር ውጡ፣ እጃችሁን አውለብልባችሁ እንዲያልፉ ጥሯቸው። አልፈው እስኪርቁ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ለሁለቱም ቡድን ቀኑን ያሳምረዋል።

አሁን ወደ መሬቱ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ከሁሉም የምወደው ክፍል ነው።

ዱላ መሬቱን ሲነካ ሣር ይገነጥላል። የተገነጠለውን ቁራጭ ሄዳችሁ አንሱት፣ በወጣበት ቦታ መልሱት፣ በጫማችሁ ረገጥ አድርጉት። አሸዋ የሚሰጥበት ሜዳ ከሆነ ጉድጓዷን በአሸዋ ሙሏት። ባንከር የሚባለው የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ከገባችሁ ዝቅ ባለው በኩል ግቡ፣ ስትወጡ ኮቴያችሁን በመጥረጊያው አስተካክሉ። ከኋላ የሚመጣው ሰው ኳሱ እናንተ ኮቴ ውስጥ ብታርፍበት በእናንተ ጥፋት ነው የሚቸገረው።

ግሪኑ ግን ሌላ ነው። ግሪን ቀዳዳው ያለበት፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተቆርጦ የተዘጋጀው ቦታ ነው። ኳስ ከላይ ስትወርድ ጠባሳ ትተውበታለች፤ ትንሽ ስርጉድ፣ የሻይ ማንኪያ የምታህል። ብዙ ጀማሪ አያያትም። ታይታ ወዲያው ከተጠገነች በጥቂት ቀን ሣሩ ያገግማል። ከተተወች ትደርቃለች፣ ለሳምንታት ቡናማ ነጥብ ሆና ትቆያለች፣ በላይዋ የሚያልፈው የሰው ሁሉ ኳስ ይሰናከላል።

አጠጋገኗን ላሳያችሁ። ይቺ ሁለት ጥርስ ያላት ትንሽ ሹካ ናት። እጃችሁ ላይ ተቀባበሏት። ስርጉዷ ጠርዝ ላይ ትተከላለች፣ ከዚያ ዳር ያለው ሣር ወደ መሃል ይገፋል። በዚህ ጎን ገፋ፣ በዚያ ጎን ገፋ፣ ዙሪያዋን እየዞራችሁ። እንደ እንጀራ ጠርዝ ከሥር ሰቅስቃችሁ ወደ ላይ አታንሱ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ስህተት እሱ ነው፤ ሥሩ ይበጠሳል፣ ሣሩ ይሞታል። ወደ መሃል ገፍታችሁ ስትጨርሱ በፓተሩ፣ ማለትም በፓት መምቻው ዱላ፣ ሆድ መታ መታ አድርጋችሁ ደልድሉት። ጣታችሁን ብታሳልፉበት ስርጉዷ የት እንደነበረች ማወቅ የለባችሁም። የራሳችሁን ስትጨርሱ አጠገቧ ያለችውን፣ ሌላ ሰው ትቷት የሄደውንም ጠግኑ። እኔ በየግሪኑ የራሴንና አንድ ተጨማሪ እጠግናለሁ። ያስተማረኝ አንድ ካዲ ነው። እሱ ጎንበስ ሲል አይቼ ጎንበስ አልኩ፣ በቃል አንድም ነገር አልነገረኝም።

ግሪን ላይ በሌላ ሰው ኳስና በቀዳዳው መሃል ያለውን መስመር አትርገጡ። አትሩጡ፣ እግር አትጎትቱ፣ ቦርሳ አታስቀምጡበት። ቀዳዳው ውስጥ የተተከለውን ባንዲራ ሳትነቅሉ ፓት ማድረግ አሁን ይፈቀዳል። ስትጨርሱ ቶሎ ውረዱ፤ ስንት መታህ የሚለውን ቀጣዩ ቲ ላይ ጻፉት።

ስለ ካዲዎች አንድ ነገር ካልኩ በኋላ ጥያቄ እቀበላለሁ። ካዲ ቦርሳ ተሸካሚ ብቻ አይደለም። ሜዳውን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያ የዋለና ከደንበኞቹ አብዛኞቹን የሚያሸንፍ ካዲ በየሀገሩ አለ። ስሙን ጠይቁ። ሰላም በሉት። በዕድሜ የሚበልጣችሁ ከሆነ አንቱ በሉ፤ ገንዘብ ከፍለነዋል ብላችሁ አንተ አትበሉት። ኳስ ስትስቱ እሱ ላይ ፊት አታጥቁሩ። የሚከፈለውን ዋጋ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ሲያልቅ ባርኔጣ አውልቃችሁ እጅ ጨብጣችሁ አመስግኑ፣ ጉርሻም ካላችሁ እዚያው ስጡ።

አንድ ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ እጃቸውን አውጥተው ነበር። ‹‹ልጄ፣ ጭራሽ የማይችል ሰው የሰው ሜዳ ላይ ሄዶ ቦታ መያዙ ነውር አይሆንም ወይ?›› አሉኝ። አይሆንም አልኳቸው። ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ አንድ መቶ ሃያ ቢመቱ ማንም ቅር አይለውም። ሰው ቅር የሚለው ሲያስጠብቁት ነው። መጥፎ ምት መትቶ ቶሎ የሚሄድ ሰው የትም ሜዳ ተቀባይነት አለው። ጎበዝ ሆኖ የሚጎተት ነው የሚሸሹት።›› በኋላ ሻይ ስንጠጣ ይህን መልስ ወደዱት፤ እስከዚያ ግን ለመሄድ ያመነቱ ነበር።

አንዲት እህታችን ስለ ልብስ ጠየቀች። ብዙ ክለብ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይፈልጋል፣ ጂንስና የእግር ኳስ ማልያ አይፈቀድም። የፋሲል ከነማን ማልያ ለብሶ ለመሄድ ያሰበ ካለ ቦርሳ ውስጥ ይያዘው፣ ወጥተን ፎቶ እንነሳበታለን። ለሴት ቀሚስም ሱሪም ይሆናል፣ ነጠላ ግን ዱላ ሲወዛወዝ ስለሚጠላለፍ መቆለፊያ ክፍል ይቆይ። ተረከዝ ያለው ጫማ ግሪኑን ይወጋዋል። ጠፍጣፋ ስኒከር ይበቃል።

ሌላው ስለ ዝናብ ጠየቀ። ዝናብ ብቻውን አያስቆምም። መብረቅ ግን ያስቆማል። የክረምቱን ነጎድጓድ እኛ እናውቀዋለን። የሜዳው የማስጠንቀቂያ ጡሩንባ ሲነፋ ወይም ነጎድጓድ ስትሰሙ ይቺን ልምታና የሚባል ነገር የለም። ዱላውን ጣሉት፣ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ወደ ቤት ግቡ።

አሁን ስለ ቅዳሜ እንነጋገር። አዘዞ ሜዳችን ላይ ሦስት ባንዲራ እተክላለሁ፤ ዘንጎቹን አዘጋጅቻለሁ። ለሁለት እንከፈላለን። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 ይመታሉ፣ ሁለተኞቹ 1 ሰዓት ከ50። ሰዓት የምትይዘው ያቺው ስለ ልብስ የጠየቀችው እህታችን ናት፤ አዲስ አበባ የምትደውለውም እሷ ናት። የጥያቄዎቹን ዝርዝር ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጥቻታለሁ፣ ‹‹ጠዋት ወይስ ከሰዓት›› የሚለውን ሁለቴ አስምሬበታለሁ። እኔ ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ነኝ። ጋሼ ከፊቴ ናቸው። ሹካዎቹን ይዤ 1 ሰዓት ላይ እዚያ ታገኙኛላችሁ።